በርጩማውን የተሸከምሁበት ቀን

ቡሬ ከተማ ዳር ካለ አንድ የበርበሬ ማዘጋጃ ድርጅት ተቀጥሬ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደ ሌሎቹ ሴቶች ቆሜ ዛላ በርበሬ ስለቅም ነበር። ቤልት የምንለው ከወገብ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ በርበሬውን ይዞ ቀስ እያለ የሚሄድ ጎማ አለ። ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሆነን እንቆማለን። የሻገተውን፣ ቀለሙ የለቀቀውን፣ ጠጠሩንና ቅጠሉን እያነሳን እግራችን አጠገብ ባለ ሣጥን እንጥላለን፤ ደህናው ወደ መጨረሻው ሄዶ ጆንያ ይሞላል። አፍና አፍንጫችንን በሻሽ አስረን ብንውልም፣ ቤት ገብተን ፊታችንን ስንታጠብ ውሃው ዓይናችንን እንደ አዲስ ያቃጥለው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝና የፈረቃ ኃላፊ አደረገኝ።

«አሥረኛ ክፍል ጨርሰሻል፤ ጽሕፈትሽ ይነበባል፤ ደግሞ ወሬ አታበዢም» አለኝ።

ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርጋል። ለአባየ በዚያው ዕለት ደወልሁለት። አባየ ከጅጋ ወረድ ብሎ በቆሎና በርበሬ ያርሳል፤ በርበሬውን በየዓመቱ የሚሸጠውም ለዚሁ ድርጅት ነው። «እሰይ፣ እንግዲህ እግርሽ አረፈ» አለኝ።

ሰማያዊ ጋውን ተሰጠኝ። የሠራተኞቹ ነጭ ነው። በማግስቱ ሰማያዊውን ለብሼ ወደ ቤልቱ ስጠጋ ጨዋታው ቀጥ አለ። ትናንት የማን ባል ምን እንዳደረገ ሲነግሩኝ የነበሩ ሴቶች ዓይናቸውን በርበሬው ላይ ተከሉ። ምሳ ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር ክብ ሠርተን ነበር የምንበላው። የምሳ ዕቃየን ይዤ ስሄድ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ግን ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ሰፋ አድርገው ለቀቁልኝ። በዚያ ሰፊ ቦታ መሐል ተቀምጬ በላሁ።

ያልተለወጠችብኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አብራኝ የምትኖረው። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም እያልሁ ነው የምጠራት። ቤተሰቦቿ ከቡሬ ወዲያ በአዊ በኩል የሚያርሱ ናቸው፤ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ በአገውኛ ነው፤ እኔ አንድም ቃል ሳይገባኝ ከሳቋ ብቻ ደህና መሆናቸውን አውቅ ነበር። ባሏ ቆላ ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል፤ በዓመት ሁለቴ ይመጣል። አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ፍራሽ እየተኛን፣ በአንድ ሰሐን እየበላን ሁለት ዓመት አሳልፈናል። ጋውኑን ለብሼ የገባሁ ዕለት ጨርቁን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ጥሩ ነው፤ ብቻ ሲታጠብ እንዳይጠብሽ» አለችኝ። ስለ ጨርቁ መስሎኝ ሳቅሁ። ሌላ ነገር እንዳለችኝ የገባኝ በማግስቱ መንገድ ላይ ነው።

በዓመቱ መስከረም ላይ ማርገዟን ነገረችኝ። በርበሬ በብዛት የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ቤልቱ ቀኑን ሙሉ አይቆምም። ታኅሣሥ ሲገባ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ቤት ስንገባ ውሃ ለብ አድርጌ ጨው እጨምርበትና በሳፋ አቀርብላታለሁ፤ እግሯን ነክራ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። በጣቴ ስጫነው የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ይቀራል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ረዘም ያለ በርጩማ ይዛ መጣች። ከገበያ፣ ከአናጢ፣ በቤልቱ ቁመት አስለክታ ያሠራችው ነው። ከቦታዋ አስቀመጠችና ቁጭ አለች። እጇ እንደ ወትሮው ነበር፤ እንዲያውም የፈጠነ መሰለኝ። በአጠገቧ አለፍሁ፤ ደብተሬን ከፈትሁ፤ ምንም ሳልጽፍ ዘጋሁት። ሰኞ አለፈ፤ ማክሰኞም አለፈ። ረቡዕ ላይ ከእሷ ትይዩ የምትለቅመው ሴት ባዶ ሣጥን ገልብጣ፣ ጆንያ አጥፋ ከላዩ ጣል አድርጋ ተቀመጠችበት።

ሥራ አስኪያጁ የጠራኝ ያኔ ነው።

«ያ በርጩማ ከየት መጣ?»

«ከቤቷ ያመጣችው ነው።»

«የግል ዕቃ አይገባም። አውጪው።»

«እርጉዝ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። ዛሬ እሷ ተቀመጠች። ይኸው ሌላዋ ሣጥን ገለበጠች። ነገ ወገቤን የምትል፣ ከነገ ወዲያ ጉልበቴን የምትል ትቀመጣለች። ደግሞ ነገ በርበሬ ገዥዎቹ ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ይመጣሉ፤ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ሲያወጋ ነው የማሳያቸው? አንቺ ታወጪዋለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

ሌላ ሰው ይፈልጉ ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ መኪና ተሳፍሬ፣ ልብስ እያጠብሁ ብዙ ጊዜ ብያታለሁ። ያን ቀን ግን «እሺ» ብየ ወጣሁ።

ከጎኗ ቆምሁ። «እታለም፣ እስቲ ተነሽልኝ።»

«ምነው፣ የበሰበሰ አመለጠኝ?»

«አይ። በርጩማውን አውጪ ተብየ ነው።»

«ማን አለሽ?»

አንድ ቀለሙ የለቀቀ ዛላ በፊቷ ሲያልፍ አነሳችና ሣጥኑ ውስጥ ጣለች። ከዚያ ቤልቱን ተደግፋ ተነሳች። በርጩማውን አላቀበለችኝም። ጎንበስ ብየ አነሳሁት። መቀመጫው ገና ሙቀቷን እንደያዘ ነበር። አርባ ሴት እያየኝ አዳራሹን አቋርጬ፣ ግቢውን አቋርጬ ጥበቃው ቤት አደረስሁት። ሽማግሌው ዘበኛ ተቀበሉኝና፣ «ይኸ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው የሚባረር?» አሉ። ስመለስ ሣጥን የገለበጠችዋ ሴትም ቆማለች። ለእሷ መናገር እንኳ አላስፈለገኝም።

ማታ እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ገባሁ። ሽሮ ሠርታ ቆየችኝ። እንደ ሁልጊዜው ከአንድ ሰሐን በላን። ስንጨርስ፣

«ክብደቱ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«የምኑ?»

«የበርጩማው።»

«ቀላል ነው» አልሁ።

«እኔም ቀላል መስሎኝ ነው ያሠራሁት» አለችና እጇን ልትታጠብ ተነሳች። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አልተነጋገርንም። ሌላውም ወሬያችን እያጠረ ሄደ። ጨው ጨምሬ ውሃ ሳቀርብላት «ተይው፣ ድካም ነው» ትለኝ ጀመር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጫማዋ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ መጣች፤ እሱም ሲጠባት አውልቃ ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግሯ ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤልቱ ራቅ አለችና ምሰሶውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንንም አላስፈቀደችም። ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች የእሷን ቦታ ለመሸፈን ሲጠጋጉ ሥራ አስኪያጁ ገባ። አያት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሪፖርት ጻፊ» ብሎኝ ወጣ።

ጻፍሁ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ ፈቃድ ሥራዋን ትታ ተቀምጣለች» ብየ ጽፌ ፈረምሁ። እውነት ነበር። እግሯን አልጻፍሁም፤ ጫማውን አልጻፍሁም፤ ስንት ወሯ እንደሆነ አልጻፍሁም። በሦስተኛው ቀን በዚያው ወረቀት አሰናበቷት።

ዕቃዋን ስትሸክፍ ፍራሹ ያለበት ጥግ ቆሜ አያታለሁ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እንኳ ቆዪ» አልኋት።

«እናቴ ጋ ልሂድ። ፍራሹ የኔ ነው፤ ለብቻየ ግን አልችለውም፤ ጫፉን ያዥልኝ።»

ጫፉን ያዝሁላት። ጋሪው እስከቆመበት ድረስ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወሰድነው። ጋሪው ሲንቀሳቀስ እጇን አነሳች፤ ለእኔ ይሁን ለአከራያችን አላወቅሁም። ያን ሰሞን ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፌ ተኛሁ። ሥራ ቦታ ሁሉም «እሺ» ይሉኛል። «እሺ» እና «ጨርሰናል»፤ ሌላ ቃል ከማንም አልሰማም። ቤት ገብቼም የሚያናግረኝ የለም። አንዳንድ ቀን ከሥራ ወደ ቤት ስሄድ ድምፄን ለመስማት ያህል ባለሱቋን የማልገዛውን ዕቃ ዋጋ እጠይቃለሁ።

የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከድርጅቱ በር ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። ሆዷ ገፍቷል።

«ከስሻቸዋለሁ» አለችኝ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ። «ፍኖተ ሰላም ነው የሚታየው። አንቺን ምስክር ቆጥሬሻለሁ።»

«እኔን?»

«ከእነዚያ ውስጥ ማን ይመጣል ብለሽ? ሁሉም የሚያሳድጉት ልጅ አላቸው፤ አልፈርድባቸውም። ወረቀቱን የጻፍሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ምን እንድል ነው የፈለግሽ?»

«እንድታዳዪልኝ አልፈልግም። የጻፍሽውን ተናገሪ። ያልጻፍሽውንም ተናገሪ።»

ይኸን ብላ ሄደች። እሺ ወይም እንቢ እስክላት አልጠበቀችም።

በማግስቱ እሑድ አባየ ዘንድ ሄድሁ። ጓሮ ሆኖ የመጨረሻውን በርበሬ ከሰሌን ላይ ይሰበስባል። ነገሩን ሁሉ፣ በርጩማውን ጭምር ነገርሁት። በርጩማው ጋ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰውየው ቂም ቢይዝብን በርበሬህን ላይገዛህ ይችላል» አልሁት።

«መራዊ ድረስ ልወስደው ነዋ። ይርቃል።» አንድ እፍኝ ወደ ጆንያው ጨመረ። «የሚጠይቁሽን ነገር ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለና ወደ በርበሬው ጎነበሰ። እስኪመሽ አብሬው ሰበሰብሁ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም።

ቀኑ ሲደርስ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። ጠባብ ክፍል ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ክሱን የሚያዩት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። እታለም ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአንድ በኩል፣ ሥራ አስኪያጁ በሌላ በኩል። ከሥራ አስኪያጁ አጠገብ የድርጅቱ ባለቤት ራሳቸው ነበሩ። እሳቸውን በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነው የማያቸው፤ ሲመጡ «ልጆቼ» ይሉናል፤ ለበዓል በግ ያሳርዱልናል።

ወረቀቱን አሳዩኝ።

«ይኸን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ።

«የምትጨምሪው አለ?»

«አለ» አልሁ። ከሰኞው ጀመርሁ። በርጩማውን ማን እንዳሠራው፣ ስንት ቀን እንደተቀመጠችበት፣ ሥራዋ እንዳልጎደለ፣ ማን አውጪ እንዳለኝ ተናገርሁ። «ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ» አልሁ። የእግሯን እብጠት፣ ጫማውን፣ ሲሚንቶውን ተናገርሁ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «በርጩማውን ስታወጪባት እርጉዝ መሆኗን ታውቂ ነበር?»

«አብረን ነበር የምንኖረው» አልሁ።

ሌላ አልጠየቁኝም። እታለምን አየሁ፤ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው።

ስወጣ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ መኪናቸው አጠገብ ቆመው ጠሩኝ።

«ነይ ልጄ። ምን በደልሁሽ?»

«ምንም አልበደሉኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በሰው ፊት? እኔ ከባለጸጋ አልተወለድሁም። ቡሬ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ነበርሁ። ቤቴን ሸጬ ነው ያን ማሽን ያስመጣሁት። ገዥ ቢሄድብኝ እኔም እናንተም እኩል ነው የምንወድቅ። አርባ ሴት ለማሳደር ስንት ቀን እንቅልፍ እንደማጣ ታውቂያለሽ?»

እንደተጎዱ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። የሚዋሹ አልመሰለኝም።

«ጋሼ፣ ጆንያ ሲሸከሙ ሲደክምዎት ምን ያደርጉ ነበር?» አልኋቸው። ለመሟገት አልነበረም፤ እንዲሁ ከአፌ ወጣ።

«አወርደዋ! አወርደውና ላዩ ላይ ቁጭ...» ብለው አቆሙ። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉት። ሁለታችንም መንገዳችን ወደ ቡሬ ነበር፤ ግቢ አላሉኝም፤ እኔም መናኸሪያ ሄጄ ሰው እስኪሞላ ጠበቅሁ።

ሚያዝያ ላይ ውሳኔው ተሰጠ። እርጉዝን ማሰናበት ሕጉ አይፈቅድምና ወደ ሥራዋ ትመለስ ተባለ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ውሳኔውን በእጇ ከያዘች በኋላ አልመለስም ብላ ቀረች። ከፋሲካ በኋላ አንድ አይሱዙ አርባ ከፍ ያሉ ወንበሮች አራገፈ። ባለቤቱ ያዘዟቸው ናቸው አሉ። ውሳኔው አስገድዷቸው ይሁን ራሳቸው አስበውበት ማንም በእርግጥ አያውቅም። ሴቶቹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው እንዳያያቸው የፈሩ ይመስል ጫፉ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ ቆይተው ለመዱት።

እኔን አላባረሩኝም። ሰማያዊውን ጋውን መልሼ ወደ መጋዘን ተዛወርሁ። የሚገባና የሚወጣ ጆንያ እመዘግባለሁ። እስከ ጣራው የተደረደረ በርበሬ መሐል አንዲት ጠረጴዛና አንዲት መስኮት አለችኝ። በመስኮቱ ሴቶቹ ለምሳ ሲወጡ አያቸዋለሁ። ገሚሶቹ በርጩማ ያወጣሁትን ሴት ነው የሚያዩብኝ። ገሚሶቹ ደግሞ እንጀራ የሰጣትን ሰው አደባባይ ያወጣች ይሉኛል፤ ይኸንን የነገሩኝ ዘበኛው ናቸው። ምሳየን መጋዘን ውስጥ መብላት የጀመርሁት ያኔ ነው፤ ዛሬም እዚያው ነው የምበላው። የአባየን በርበሬ ግን ድርጅቱ ያለ አንዳች ቃል ገዛው።

ሰኔ መባቻ ላይ የሕፃኗ ክርስትና እንደደረሰ ከዘበኛው ሰማሁ። አልተጠራሁም። አንዲት ትንሽ ነጭ ቀሚስ ገዝቼ እሑድ ጠዋት ተነሳሁ። እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማየን ይጎትተዋል። ስደርስ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ቄሶቹ ከላይ፣ ጎረቤቱ በየመደቡ ተቀምጧል። እታለም ጠላ ይዛ ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን።

ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ።

«እንደምን ዋሉ? ምነው በዚህ ጭቃ ተቸገሩ? ይግቡ፣ ይግቡ እባክዎ።»

እየቀለደችብኝ መሰለኝ። እሷ ከቃሏ ሥር ሌላ ቃል ማስቀመጥ ታውቅበታለች። ፊቷን አየሁ፤ ቀልዱን ፈልጌ አጣሁት። እውነቷን ነበር። አንቺ ትለኝ የነበረችው ሴት አንቱ ብላኝ፣ ክንዴን ደገፍ አድርጋ አስገብታ ከትልልቆቹ ጎን አስቀመጠችኝ።

እናቷ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እሷ በአማርኛ መለሰች፤ እኔም እንድሰማ መሰለኝ።

«የሥራ አለቃየ ነበሩ። ፍኖተ ሰላም መጥተው የመሰከሩልኝ እርሳቸው ናቸው።»

እናቷ ተነሥተው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው በአማርኛ ረዥም ምርቃት መረቁኝ። አሜን እያልሁ እንባየ መጣ። እንግዳው ምርቃቱ የነካኝ መስሎት በአክብሮት ዝም አለ።

ሕፃኗን አቀፍሁ። እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ቅባቱ ያበራል። እታለም ልትቀበለኝ ጎንበስ ስትል በጆሮዋ፣ «እታለም፣ ይቅር በይኝ» አልኋት።

«ኧረ ምን በወጣዎት!» አለች ጮክ ብላ። «ምን አጠፉና? ይልቅ ምንም አልበሉም፤ ይጨመርልዎት እንጂ።» ሕፃኗን ይዛ ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄደች።

ብትሰድበኝ ኖሮ የምመልሰው ነበረኝ። ትወቅሰኝበታለች ያልሁትን ቃል ሁሉ አስቤ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ይዤ ነበር የሄድሁ። ለአክብሮት ግን መልስ አልነበረኝም። ወጥ ተጨመረልኝ፤ በላሁ። ቀሚሱን ለእናቷ ሰጥቼ ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ ብየ ተነሳሁ። ወንድሟ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። እሷ ከደጁ ቆማ፣ «እግዚአብሔር ያክብርልን፣ በደህና ይግቡ» አለችኝ።

መገንጠያው ጋ ደርሼ ባጃጅ ስጠብቅ ነው የልጅቱን ስም እንዳልጠየቅሁ ያስታወስሁት። መመለስ አሰብሁ፤ ሁለት እርምጃም ሄድሁ። ምን ብየ እገባለሁ? ባጃጁ መጣና ተሳፈርሁ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ሲከፈትም የምሄድበት ምክንያት የለኝም። እታለም በአገሯ ገበያ ጤፍና በቆሎ ትነግዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጅቱ አሁን ሮጣ ትጫወት ይሆናል። ዘበኛው ጡረታ ወጥተው ሄደዋል፤ ከዚያ ወገን ወሬ የሚያመጣልኝ ሰው የለም፤ ስሟን እስካሁን አላውቀውም።